ስለ ተከፈለበት ማዕድ

ሰው ለዕረፍት ከቤቱ ርቆ ሄዶ፣ ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ጋር በመልካም ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ በብዙ ብር የተገዛ እራት በደስታ ቢበላ፣ ደስታው የተፈቀደ ነውን? ወይስ ሊያፍርበት የሚገባ ነገር ነው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስለ ገንዘብ፣ ስለ ባልንጀራና ስለ ሰው ክብር የምናስበው ሐሳብ ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ወጣቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነው እላለሁ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ዛሬ የቤተሰብ አባት የሆነ ሰው፣ ይህን ነገር አንሥቶልኝ ብዙ ተነጋግረንበታል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሐዋሳ ሄዶ በሐይቁ ዳር ምሳ ሲበሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ልጆች ቆመው ያዩአቸው ነበርና፣ እህሉ በጉሮሮው አልወርድ አለው። «መምህር፣ እነዚያ ልጆች እያዩኝ መብላቴ ኃጢአት ነው ወይ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ሕያው ነውና አከብረዋለሁ። ይልቅስ የሚያሳስበኝ ጥያቄው ከቶ የማይመጣበት ሰው ነው፤ ምግቡ ሲቀርብ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ምግቡን ያቀረበለትን ሰው ፊት ግን ቀና ብሎ አያይም።

አስቀድሜ ለተማሪዬ የሰጠሁትን መልስ ልናገር። መደሰት በራሱ ነውር አይደለም። ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በሰርግ ቤት ነው፤ ያደረገውም የወይን ጠጁ አልቆ ሰርገኞቹ እንዳያፍሩ ነው። መጽሐፈ መክብብም ሰው ከድካሙ ፍሬ በልቶና ጠጥቶ መደሰቱን የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ይቈጥረዋል። የባለጠጋውንና የአልዓዛርን ምሳሌ እንኳ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው፣ ባለጠጋው የተወቀሰበት ነገር የገበታው ማማር ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። በደጁ የተኛ ሰው ሳለ፣ እንደሌለ ቈጥሮ ኖረ፤ ውሾች እንኳ ወደ ድሃው ቀርበው ነበር። እንግዲህ ተማሪዬ ምሳውን ትቶ ቢነሣ ኖሮ፣ ለእነዚያ ልጆች ምን ይጨምርላቸው ነበር? የተተወ ምሳ ማንንም አያጠግብም። እኔ ልጠይቅ የምወደው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም፣ ስንበላ ማንን እናያለን? በገበታው አጠገብ ቆሞ ሳለ ያላየነውስ ማን ነው?

በጥንቱ ዘመን ይህ ጥያቄ መልኩ ሌላ ነበር። የበሰለ እህል በገንዘብ መሸጥ በብዙ ቦታ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፣ መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራውን ይበላል፤ ማለዳም መርቆ ይሄዳል። ክፍያው ምርቃቱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴል በከፈቱ ጊዜ፣ ገንዘብ ከፍሎ መብላት ያልተለመደ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየበሉ ከፍለው መኳንንቱን እንዳስለመዱ ይነገራል። ነገሩ ዛሬ ያስቀናል። ነገር ግን በዚያ ማፈር ውስጥ አንድ ሐሳብ ነበረ። በገንዘብ የተገዛ እህል ጋባዥ የለውም፤ «ብላልኝ፣ በሞቴ» የሚልበት ሰው የለም። የበላው ሰው ለማን ያመስግን? ማንንስ ይመርቅ?

የሆነ ሆኖ፣ የድሮውን እያመሰገኑ የዛሬውን ብቻ የሚነቅፉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። የእንግዳውን እግር ያጠበችው ልጅ መቼ በላች? እንግዶች በልተው እስኪነሡ ኩራዝ ይዛ ቆማ፣ ከዚያ በኋላ የተረፈውን በጓዳ በላች። በቤተ መንግሥት ግብርም ሰው እንደ ማዕረጉ በተራ ይገባ ነበር፤ ንጉሡ ሲመገቡም መጋረጃ ይጋረድ ነበር። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ግቢ በጸሎት ቤት ሰው ሁሉ ወንድም መሆኑን እየተማርን፣ ለሚሲዮናውያኑ ወጥ የሚሠራው ሰውዬ ግን በኩሽናው በር ላይ ቆሞ ሲበላ እናይ ነበር። እኛ ልጆች ዝም አልን። ልጆች ዝም ሲሉ አላዩም ማለት አይደለም። እንግዲህ መለየቱ ገንዘብ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም፤ ገንዘብ ያደረገው ነገር ቢኖር መለያየቱን ቀላልና ጨዋ አስመስሎታል።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ቀደም ብሎ ያሰበበት ይመስለኛል። «ባልንጀራ» የሚለው ቃል «ባለ እንጀራ» ተብሎ ይተረጐማል። «ኮምፓኒየን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ዳቦን አብሮ የሚበላ ማለት ነው። እርስ በርሳቸው ያልተማከሩ ሁለት ሕዝቦች ወዳጅን በእህል ስም ጠሩት። «ጉርሻ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱ። እናት ለልጅዋ፣ ሚስት ለባልዋ፣ ባለቤት ለእንግዳው በእጁ ጠቅልሎ የሚያጐርሰው ጉርሻ ይባላል። ዛሬ ለአስተናጋጅ ከሒሳቡ በላይ የሚተውለት ገንዘብም ጉርሻ ይባላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ነገሩ ሁለት ሆኗል። የመጀመሪያው ጉርሻ እጅ ከአፍ እስኪደርስ ዐይንን ከዐይን ያገናኛል፤ ሁለተኛው ግን በሒሳቡ ወረቀት ሥር ተጥሎ፣ የተሰጠው ሰው ፊት ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ጉብኝት ልምጣ። ቤተሰብ አስጎብኚ ቀጥሮ አገር ለማየት በሚሄድበት ጊዜ፣ በገበታው አጠገብ አንድ አዲስ ዓይነት ሰው ይቆማል። አስጎብኚው ጋባዥ አይደለም፤ አገልጋይም አይደለም፤ ዘመድም አይደለም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሦስቱንም ሥራ ሲሠራ ይውላል። አገሩን እንደ ባለቤት ያሳያል፤ ውኃና ጃንጥላ እንደ አገልጋይ ያቀብላል፤ ልጅ ሲያለቅስ እንደ አጎት ያባብላል። እንግዳ ተቀባይነትን በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነው። ማታ እራት ሲቀርብ ይህ ሰው የት ይቀመጥ?

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአሜሪካ የምትኖረው ልጃችን ከባልዋና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ፣ እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን አርባኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ወደ አርባ ምንጭ ወሰደችን። ታናሽ ወንድሟም አብሮን ሄደ። «አርባ ዓመታችሁን አርባ ምንጭ» እያለ ሲቀልድ ነበር የተጓዝነው። መኪናው ከነሾፌሩ ከአዲስ አበባ ተከራየልን፤ ሾፌሩም ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበር። አርባ ምንጭ ስንደርስ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ ወጣት አስጎብኚ ተቀበለን።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥቶ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ ብርዱ ወዲያው ይሰማል። ወጣቱ የዝሆን መልክ ያላቸውን ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች፣ የሸማኔዎቹንም መወርወሪያ አሳየን፤ እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ተቀብሮ እንዴት እንደሚብላላና ቆጮ እንደሚሆን ለልጆቹ እያስነካ አስተማራቸው። ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀመስን። ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ጫሞ ሐይቅ ገብተን «የአዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎች አየን። ከእነርሱ ብዙም ሳይርቁ፣ ውኃው እግራቸውን እየነካ፣ ከቀላል እንጨት በታሰረ ዝቅተኛ ታንኳ ላይ ሆነው መረብ የሚጥሉ አሣ አጥማጆች ነበሩ። ትንሹ የልጅ ልጄ ፈርቶ ስለ ነበር ወጣቱ እጁን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ከማለዳ እስከ ማታ ፈገግታው ከፊቱ አልተለየም። እኔ አርባ ዓመት ያህል በክፍል ውስጥ ቆሜአለሁና፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው መልካም ፊት ማሳየት ምን ያህል እንደሚያደክም ዐውቃለሁ።

ማታ ልጃችን አስቀድማ ያዘዘችው ገበታ በሆቴሉ ሰገነት፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተዘጋጀልን። ከዚያ ላይ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ አባያ አፈር የጠጣ ይመስል ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊነት አለው፤ በመካከላቸው ያለውን ተራራ «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። ልክ ፀሐይ ስትገባ ነበር የተቀመጥነው። ነጭ አሣ የሚባለው ትልቁ አሣ፣ ጀርባው በቢላዋ እየተተለተለ ሙሉውን ተጠብሶ ቀረበ፤ በአጠገቡ ዳጣ፣ ሎሚና ዳቦ ነበረ። ባለቤቴ በሕይወቷ ብዙ ሰው አብልታለች፤ ሌላ ሰው አብስሎላት ተቀምጣ የበላችበት ቀን ግን ጥቂት ነው። እጅዋን አጣጥፋ ሐይቁን ስታይ ሳያት፣ ለዚህ እራት ምንም ቢከፈል አልበዛም አልሁ በልቤ።

ሾፌሩና አስጎብኚው ራቅ ብለው በወጥ ቤቱ በኩል ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር። ልጃችን አየቻቸውና «ከእኛ ጋር ይቀመጡ እንጂ! እንዴት እኛ እዚህ እነሱ እዚያ እንበላለን?» አለች። ባልዋ ግን «ቀኑን ሙሉ ሲያስተናግዱን ውለዋል፤ አሁን እንኳ ይረፉ። ከጠራናቸው እምቢ ለማለት ያፍራሉ» አለ። ወንድሟ ደግሞ «ይህ የአባባና የእማማ ቀን ነው፤ የቤተሰብ ብቻ ቢሆን ምናለ?» አለ። ሦስቱም የተናገሩት ከመልካም ልብ ነው። ሦስቱም እውነት ነበራቸው። ፈላስፋው ካንት በገበታ የሚቀመጡ ሰዎች ከሦስት እንዳያንሱ፣ ከዘጠኝም እንዳይበልጡ ጽፏል፤ እኛ ሰባት ነበርን፤ ሁለቱ ቢጨመሩ ልክ ዘጠኝ እንሆናለን ብዬ ነገሩን ላቀልለው ስል፣ ባለቤቴ አንዳችንንም ሳትሰማ ተነሥታ ወደ እነርሱ ሄደች።

ያለቻቸውን ቃል በኋላ ነገረችኝ። «ልጄ፣ አንተም ወንድሜ፣ ከእኛ ጋር ብትበሉ ደስ ይለናል፤ ሌላ ሐሳብ ካላችሁ ግን አንቀየምም» ነበር ያለችው። ወጣቱ ተነሥቶ እጅ ነሣና «እግዜር ይስጥልኝ እማማ። እናቴ እዚህ ከተማ ነች፤ ዛሬ ሥራዬ እዚሁ ስለ ሆነ እራት አስቀምጣልኛለች» አላት። ተቀምጦ የነበረውም ገበታ እስክንቀርብ ጠብቆ ደኅና እደሩ ብሎን ለመሄድ ነበር። ባለቤቴም «እንኳን እናትህ ቀደመችን» ብላ ትልቁን ዳቦ ከፈለችና በናፕኪን ጠቅልላ ለእናቱ ላከችለት። ከጠረጴዛው ዳቦ መሆኑ ቀርቶ ከዘመድ ቤት የተላከ ሆነ። ወጣቱ በዚያ ሰዓት የሳቀው ሳቅ ቀኑን ሙሉ ካሳየን ፈገግታ የተለየ ነበር።

ሾፌሩ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ነገር ግን ዕለቱ ዓርብ ነበርና «እኔ በጾም አሣም አልበላም፤ እናንተ የእናንተን ብሉ» አለ። በአገራችን በጾም አሣ የሚበላ አለ፤ የማይበላም አለ። እኛ በሚሲዮን ያደግን ሰዎች የዓርብ ጾም የለንም። ልጃችን ደንግጣ አሣውን ልታስነሣ ፈለገች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው እንዳይፈርድ ያስተምራልና፣ እኔ አሣው ይቀመጥ አልሁ። ባለቤቴ አንድ ትልቅ የጾም በያይነቱ አዘዘች፤ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለገበታው ሁሉ። እኛ ከእርሱ በላን፤ እርሱ ከእኛ አልበላም፤ ማንም አልተከፋም። አሣውን በሹካና በሳሕን እየለየን ስንበላ የነበርን ሰዎች፣ እንጀራው ሲመጣ ሁላችን ወደ አንድ ትሪ ተጠጋን። በሌላ ሰው እጅ መጉረስ በማይታወቅበት አገር ያደገው ትንሹ የልጅ ልጄ፣ አያቱ ስታጐርሰው አይቶ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ ለሾፌሩ ዘረጋለት። ግማሹ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሾፌሩ ጐንበስ ብሎ ተቀበለውና መልሶ አጐረሰው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎም ደገመው።

ከዚያም ስለ መንገድ ሕይወቱ አጫወተን። በብዙ ሆቴል ለሾፌሮች የተለየ ጠረጴዛ እንዳለ ነገረን። ልጃችን «ይህ አያስከፋዎትም ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው። ሳቀና «አንዳንድ ቀን ያስከፋል፤ አብዛኛውን ቀን ግን የሾፌሮች ገበታ ጨዋታ ከእንግዶቹ ይበልጣል» አላት። ይህን ቃል ወጣቶች ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። ተለይቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚታዘንለት ሰው አይደለም። እርሱ ባልንጀሮች አሉት፤ እኛ ወደ ገበታችን ስንጠራው ከሌላ ገበታ እያስነሣነው ሊሆን ይችላል።

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊዩስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ በ47ኛው፣ ከባሮቻቸው ጋር መብላትን እንደ ውርደት የሚቈጥሩ ጌቶችን ይነቅፋል። ጌታው እስኪያጥወለውል ሲበላ፣ ባሪያው በረኃብ ዝም ብሎ ዙሪያውን ቆሞ እንዲያድር መደረጉ ያሳፍረዋል። በዘመኑ ይህን መናገር ታላቅ ነገር ነበር። ቢሆንም በሴኔካ ገበታ የተጠራው ባሪያ እምቢ ለማለት አይችልም፤ ጌታው ውጣ ሲለው ይወጣል፤ ና ብላ ሲለው ይበላል። የእኛ አስጎብኚ ግን ወደ እናቱ ለመሄድ ይችላል። ነጻ ሰውን መጋበዝ ማለት እምቢ ሊል የሚችለውን ሰው መጋበዝ ነው። በግብዣው ውስጥ የእምቢታ በር ካልተከፈተ፣ ግብዣው ሌላ የሥራ ሰዓት ይሆንበታል፤ ሲስቁ ይስቃል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ደክሞት ሳለ ዐይኑን አይከድንም። ባለቤቴ ፍልስፍና አላነበበችም፤ «አንቀየምም» የምትለውን ቃል ግን አልረሳችም።

ስለዚህ ነገር ስናገር አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። በከተማችን «ሠራተኛችን እኮ ከእኛ ጋር ነው የምትበላው፤ እንደ ልጃችን ናት» እያሉ የሚኰሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ የልጅቱን የወር ደመወዝ ጠይቁአቸው፤ የሦስት ወር ውዝፍ አለባት። አብሮ መብላት የደመወዝ ምትክ አይሆንም። አስጎብኚና ሾፌር ይዞ የሚሄድ ቤተሰብም አስቀድሞ የቀን ሒሳባቸውን በሙሉ ይክፈል፤ ዋጋ ሲያስቀንስባቸው ውሎ ማታ እራት የሚጋብዝ ሰው የራሳቸውን እንጀራ ነው መልሶ የሚያጐርሳቸው። የቆሮንቶስ ምእመናን በጌታ እራት ተሰብስበው ሳለ አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር ጳውሎስ የተቈጣቸው በቂ እህል ስላልነበረ አይደለም፤ እህሉ ነበረ። ቀድሞ የመጣው የራሱን በላ እንጂ ወንድሙን አልጠበቀም።

ከአጥር ውጭ ስለ ቆሙት ማስቲካ ሻጮች ደግሞ ለተማሪዬ ያልሁት ይህ ነው። ሁሉን ጠርቶ ለማስቀመጥ አይቻልም፤ የሚቻል አስመስሎ ማውራትም ከንቱ ነው። ማስቲካውን በዋጋው ግዛ፤ ስሙን ጠይቀው፤ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ሆነ ጠይቀው። ምግብ ልትሰጠው ከወደድህም ከመብላትህ በፊት አንሣለት፤ ልጆችህ የነካኩትን ሰብስበህ በፌስታል አትላክለት። ልጆችህ ምን እንደ ሰጠህ ይረሳሉ፤ እንዴት እንደ ሰጠህ ግን አይረሱም።

ወደ እራታችን ልመለስ። የሒሳቡ ወረቀት መጥቶ በልጃችን ፊት ሲቀመጥ፣ መነጽሬን አድርጌ ነበርና ቍጥሩን አየሁት። መምህር ሆኜ በተቀጠርሁበት በመጀመሪያው ዓመት ከተከፈለኝ የዓመት ደመወዝ ብዙም አያንስም። የብር ዋጋ እንደ ወረደ ዐውቃለሁ፤ ንጽጽሩ ትክክለኛ አይደለም፤ ሽማግሌ ግን ሁልጊዜ በድሮ ብር ነው የሚቈጥረው። ልጃችን ፊቴን አይታ «አባባ፣ አትቍጠር» አለችኝ። ወረቀቱን ገለበጥሁት። ይህን ያደረግሁት ገንዘብን ስለ ናቅሁ አይደለም። እርስዋ በሰው አገር፣ ሌሊት እየተነሣች ሠርታ ያጠራቀመችውን ነው ያወጣችው፤ ይህን ያህል የደከመችበት ደግሞ እናትዋ ተቀምጣ ሐይቅ እያየች እራት ስትበላ ለማየት ነው። የተጋበዘ ሰውም ዕዳ አለበት። ዕዳው መደሰት ነው። የጋባዡን ወጪ በፊቱ እየቈጠረ የሚያዝን እንግዳ፣ የበላውንም እህል ያላሰበውንም ደስታ ይወስድበታል። ስለ ቍጠባ መነጋገር ካስፈለገ ቤት ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶ ይነጋገራሉ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው ለጋባዥ ብቻ የተነገረ ተረት አይመስለኝም።

ስለ ሁለተኛው ጉርሻ፣ ስለ ገንዘቡ ማለቴ ነው፣ የልጃችን ባል በማግስቱ ጠዋት ያደረገው ደስ አሰኝቶኛል። ወጣቱን ለብቻው ጠራውና፣ የልጁን እጅ ይዞ በጀልባ ስለ መቀመጡ አመስግኖ፣ ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ በሁለት እጁ ሰጠው። ስልክ አላወጣም። ልጁን «ና አንተ ስጠው» ብሎም አላስተማረበትም። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች በመስኮት አይተው ቢማሩት ይሻላል።

ከገበታው ሳንነሣ ትልቅዋ የልጅ ልጄ «ይህ አሣ ዛሬ ያየነው ሰውዬ የያዘው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሾፌሩ «ሊሆን ይችላል፤ ከዚያው ሐይቅ ነው» አላት። ልጅቱ የአሣውን አጥንት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ማንም ምንም አልጨመረላትም፤ እኔም መምህርነቴን ያዝሁት። ባለቤቴ ግን አስተናጋጁን ጠርታ «ይህን ዳጣ ማን ነው የሠራው?» አለችው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት እጅዋን በሽርጥዋ እየጠረገች መጣች፤ የምትወቀስ መስሏት ፊትዋ ተጨንቆ ነበር። ባለቤቴ ብድግ ብላ ሳመቻትና ምን ምን እንዳስገባችበት ጠየቀቻት። ሴትየዋም ቃሪያው አረንጓዴ መሆን እንዳለበት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብሮ እንደሚወቀጥ፣ በሶብላው ግን መጨረሻ ላይ እንደሚገባ አስረዳቻት። ልጃችን ወንበር ሳበችላት። «አይ፣ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ እየሳቀች ተመለሰች።